ያላመመኝ መርፌ

ያኔ ሠላሳ ሰባት ዓመቴ ነበር። ዕድሜዬን እንዲህ ቁርጥ አድርጌ የምናገረው የማልደብቅ ሴት ስለሆንኩ አይደለም፤ እደብቃለሁ፣ ደግሞም በደንብ አድርጌ ነው የምደብቀው። ነገር ግን በዚያ ዓመት በየሄድኩበት ካርድ ክፍል «ስም? ዕድሜ?» እየተባልኩ ስለተመዘገብኩ፣ ዛሬ ሁለት ዓመት ልቀንስ ብል የሚመሰክርብኝ ወረቀት ብዙ ነው።

ሥራዬ ሹሩባ ነው። የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም፣ ምድር ላይ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ የሰው ጭንቅላት በጉልበቶቼ መሃል አስቀምጬ እውላለሁ። ትምህርቴን ያቋረጥኩት ሰባተኛ ክፍል ላይ ነው፤ የቀረውን ያስተማሩኝ ደንበኞቼ ናቸው። ሹሩባ ሦስት አራት ሰዓት ይፈጃል። ያን ያህል ጊዜ ጀርባዋን ሰጥታ የተቀመጠች ሴት ደግሞ የማትናገረው የለም፤ ፊት ለፊት ያልተባለ ነገር ሁሉ ወደ ኋላ ይወጣል። ነርሷ ስለ ደም ግፊት፣ የሕግ ተማሪዋ ስለ ፍቺ አስተምረውኛል። እኔም በፈንታዬ ወሬ እነግራቸዋለሁ። አንዳንዷ ፀጉሯ ካለቀ በኋላ እንኳ «ሰውዬው መጨረሻው ምን ሆነ?» ብላ ቁጭ ትላለች።

ነገሩ የጀመረው ማበጠሪያ ከእጄ በመውደቁ ነው። ማበጠሪያ መቼም ይወድቃል፣ የመውደቅ መብት አለው። በአንድ ቀን ሰባት ጊዜ ሲወድቅ ግን መብቱን አላግባብ እየተጠቀመበት ነው። ማበጠሪያው አርጅቶ ነው ብዬ አዲስ ገዛሁ። አዲሱም ወደቀ። ቀጥሎ የቀሚሴ ቁልፍ እምቢ አለኝ፤ ከዚያ የውኃ ጠርሙስ ክዳን፤ ከዚያ የገዛ ቤቴ በር። ቁልፉን አስገብቼ ለማዞር ስታገል ያዩኝ ጎረቤት «ቤት ተሳስተሽ ነው?» አሉኝ።

እጄ እየደከመ መሆኑን የነገረችኝ ግን ሰናይት ናት። ሰናይት ባንክ ትሠራለች፤ ፀጉሯን ለሌላ ሰው አታስነካም። በሠራኋት በሦስተኛው ቀን በሩን በርግዳ ገባች።

«ስሚ፣ እኔ ምን አድርጌሽ ነው?»

«ምነው ሰኒዬ?»

«እስቲ ፊቴን እዪው። በግራ በኩል ጠብቆ ቅንድቤ ግንባሬ ላይ ወጥቷል። በቀኝ በኩል ደግሞ ሹሩባው ጡረታ ወጥቷል። ሥራ አስኪያጃችን ጠዋት ‹ምን አስገረመሽ?› አለኝ እኮ!»

ሳቅን ሳቅን። እሷ እጄን አየች፣ እኔም አየሁት። የቀኝ እጄ አውራ ጣትና ሁለቱ ጎረቤቶቹ ማጥበቅ ትተዋል።

ከዚያ በፊት ነግሬ የማላውቀው ነገር ነበረኝ። ከቀኝ ክንዴ ውስጠኛው በኩል፣ ከብብቴ ዝቅ ብሎ፣ የለውዝ ፍሬ የምታክል እባጭ ነበረች። አንዲት ታናሽ እህት ጉልበቴ ሥር፣ ሌላዋ ጎድኔ ላይ አላት። ዝም ሲሏት ዝም የምትል ናት፤ ሲነኳት ግን እስከ ጣቴ ጫፍ ድረስ ኤሌክትሪክ ትለቃለች። እንግዲህ በሌላ አገር ብሆን ምናልባት ማንም ሳይነካት እኖር ነበር። እኛ ዘንድ ግን ሰላምታ በአፍ ብቻ አይደለም፤ እጅ ይጨበጣል፣ ክርን ይያዛል፣ ትከሻ ሦስት ጊዜ ይጋጫል፣ የናፈቀ ሰው ደግሞ ክንድ ጨብጦ ይወዘውዛል። የሚወደኝን ሰው ሁሉ እንደ ጠላት መሸሽ ጀመርኩ። የማውቀው ሰው ከሩቅ ሲመጣ አስፋልት ተሻግሬ እሄዳለሁ። «ኮንዶሚኒየም ደረሳትና ኮራች» ተባልኩ።

እባጯን ለሰናይት ባሳየኋት ማግስት ሕንጻው በሙሉ ሐኪም ሆነ። የሦስተኛ ፎቋ ጎረቤቴ በጸሎት ቤታቸው ስሜን አስመዘገበችልኝ፤ እኔም ጠበሌን ቀጠልኩ፤ በዚያ በኩል ማንም እንዳይቀየም አድርጌያለሁ። ሌላዋ «ጅማት ዞሮ ነው» ብላ ወጌሻ ቤት ወሰደችኝ። ወጌሻው ቅቤ ቀብቶ በአውራ ጣቱ እባጯን ተጫናት። ከዚያ ቤት በበሩ ይሁን በመስኮቱ እንደወጣሁ አላስታውስም። ግን አልጮህኩም። እንባዬ ዱብ ዱብ ሲል «ያማል እንዴ?» ሲለኝ «አይ፣ ጉንፋን ይዞኝ ነው» አልኩት።

ይህን ያስተማሩኝ ጋሽ ደምሴ ናቸው። የእናቴ ወንድም ናቸው፤ እናቴ ስትሞት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩና ወስደው ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። ጡረታ ወጥተው ቦሌ ቡልቡላ እስኪቀመጡ ድረስ የጅቡቲን መንገድ በከባድ መኪና ሲመላለሱ ኖረዋል። በእሳቸው ቤት ሰው ፊት «አመመኝ» ማለት ገበናን አደባባይ ማስጣት ነው። ለዚህም አንድ ታሪክ ነበራቸው። አዋሽ አጠገብ የመኪናቸው ስፖንዳ፣ ያ ከባዱ የጭነት መዝጊያ ብረት፣ ሁለት ጣታቸውን ጨፈለቀ። ታሪኩን ከሃምሳ ጊዜ በላይ ሰምቼዋለሁ።

«ታዲያ ምን አልኩ?» ብለው ይጠይቃሉ።

«ምንም!» እላለሁ እኔ።

«ምንም! በግራ እጄ ስፖንዳውን ከፍቼ፣ ጣቴን በመሐረብ ጠቅልዬ፣ ትራፊኩን ሰላም ብዬ ጉዞዬን ቀጠልኩ።»

እንግዲህ ከዚህ ቤት ወጥቼ ነው ሆስፒታል የገባሁት። መጀመሪያ ዳቦ እንደሚጋገርበት ምድጃ ያለ ማሽን ውስጥ ከተቱኝ፤ ኤምአርአይ ይሉታል። ሰው ሁሉ ጩኸቱን ሲያማርር እሰማለሁ፤ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከላይም ከታችም ቤቱን የሚያድስ ጎረቤት ላለው ሰው ግን ብዙም አያስገርምም። እንዲያውም እንቅልፍ ወሰደኝ። ውጤቱን ለእኔና አብረውኝ ለመጡት ለጋሼ የነገረችን ቀዶ ሐኪም ጎልማሳ ሴት ናት፣ ነገር አታስረዝምም።

«የነርቭ ዕጢ ነው። አንድ አይደለም፣ አምስት ነው። ካንሰር አይደለም።»

ጋሼ «ተመስገን!» ብለው ብድግ አሉ፤ መሄዳችን መሰላቸው። ሐኪሟ አስቀመጠቻቸው። ነርቭ ማለት እንደ ሽቦ ነው፣ ዕጢው ሽቦው ላይ የሚያብጥ ቋጠሮ ነው፣ አራቱን ጎጂ እስኪሆኑ ድረስ እንተዋቸዋለን፣ አብረሻቸው ትኖሪያለሽ አለችኝ። የክንዴዋ ግን እጄን እየገደለች ነው፤ መውጣት አለባት። እንዴት እንደምትወጣ ለመወሰን ነርቩ ምን ያህል እንደሚሠራ መታወቅ ስላለበት ቦሌ ያለ አንድ ክሊኒክ ላከችኝ።

ከአባዶ ቦሌ ድረስ ሁለት ታክሲ ነው። ጋሼ ከቡልቡላ መጥተው ክሊኒኩ በር ላይ ጠበቁኝ፤ የሰርግ ኮታቸውን ለብሰዋል።

«ያምሻል ብለው ነገሩሽ?» አሉኝ።

«ትንሽ ይነዝራል ብለዋል ጋሼ።»

«ነዘረ አልነዘረ፣ የማን ልጅ እንደሆንሽ ታውቂያለሽ።»

የሚመረምረው ዶክተር ቀጭን፣ ትሑት ወጣት ነው። ጋሼን ከመጋረጃው ማዶ ወንበር ላይ አስቀመጣቸው፤ በመጋረጃው ሥር የተወለወለ ጫማቸው ይታየኛል። ዶክተሩ መጀመሪያ በስፒል ጫፍ ጣቶቼን እየነካካ ይጠይቀኝ ጀመር።

«ይሄ ያምሻል?»

እንደ እሾህ ወግቶኛል። የጋሼን ጫማ አየሁት። «ኧረ አያመኝም ዶክተር።»

«ይሄስ?»

«ምንም።»

«እዚህ ጋስ፣ ይሰማሻል?»

«አይሰማኝም፣ ተመስገን ነው።»

ቀና ብሎ አየኝና ወረቀቱ ላይ ጻፈ። «ጨዋ ሴት» ብሎ የጻፈ መሰለኝ።

ከዚያ ኤሌክትሪኩ መጣ። ክንዴ ላይ ሁለት ብረት አስጠግቶ ሲለቀው እጄ በራሱ ጊዜ ብድግ ብሎ የማያውቀውን ሰው ሰላም አለ። ትንሹ ይሄ ከሆነ ትልቁ ከቆቃ ግድብ በቀጥታ የሚመጣ መሆን አለበት። በየመሃሉ «አይዞሽ» ይለኛል፤ እኔም በነዘረኝ ቁጥር «እግዜር ይስጥልኝ» እለዋለሁ። ሰው ኤሌክትሪክ አስይዞ ምስጋና ሲቀበል የኖረ አይመስለኝም፤ ግራ ገብቶት ማሽኑን ሁለት ጊዜ ነካ ነካ አደረገው።

የመጨረሻው መርፌ ነው። መርፌውን ጡንቻ ውስጥ ያስገባና እዚያው ይተወዋል፤ ከዚያ «ጨብጪ» ይላል። መርፌ የተሰካበትን ጡንቻ ጨብጠው የሚያውቁ ሰዎች አሁን ዓይናቸውን እንደጨፈኑ አውቃለሁ። ማሽኑ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ ይንጣጣል። «አሁን ልቀቂ፣ ዘና በይ» ይላል። የእግሬ ጣቶች ጫማዬ ውስጥ ተቆላልፈው ጸሎት ይዘዋል፣ እኔ ዘና እላለሁ!

«ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይጮሃል» አለ ዶክተሩ።

«የኛ ቤት ሰው አይጮህም!» አሉ ጋሼ ከመጋረጃው ማዶ። «ጎበዝ የኔ ልጅ!»

ስንወጣ እንደ ሙሽራ ጭማቂ ቤት ወሰዱኝ። ብርጭቆውን በግራ እጄ ይዤ እየጠጣሁ፣ እሳቸው ለአስተናጋጇ «በመርፌ ተወጋግታ አንዲት ቃል አልወጣትም» ብለው ይነግሯታል። እውነቴን ነው፣ ደስ ብሎኝ ነበር። በሠላሳ ሰባት ዓመቴ ለእሳቸው ገና ጎበዝ ልጅ መሆን እፈልግ ነበር።

ውጤቱን ይዘን ቀዶ ሐኪሟ ጋ ስንመለስ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«ማሽኑ ነርቩ ደክሟል እንጂ አልሞተም ይላል» አለች። «አንቺ ደግሞ በሦስቱ ጣቶችሽ ስፒሉም መርፌውም አልተሰማሽም።»

ጋሼ ከጎኔ ፈገግ ብለው ጢማቸውን አሻሹ።

«የማይሰማ ከሆነ ነርቩን ከነዕጢው ቆርጦ ማውጣት ይሻላል። ተመልሶ አያስቸግርሽም፤ ጣቶችሽ ግን በዚያው ይቀራሉ። የሚሰማ ቢሆን ዕጢውን ከነርቩ ላይ በቀስታ እየላጥኩ ነበር የማወጣው። ረጅም ሥራ ነው፣ ግን እጅሽን ለማትረፍ እሞክር ነበር። እኔ ከነርቩ የተረፈ ነገር ይኖራል ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር።» ወረቀቱን አጠፈችው።

አንባቢዬ አሁን «ተናገሪ እንጂ!» እያለ እንደሆነ አውቃለሁ። አልተናገርኩም። ያ ትሑት ዶክተር ፈርሞበታል፤ ውሸቴን ባወጣ እሱን ማዋረድ ሆኖ ታየኝ። ጋሼ ደግሞ ታሪኩን ለቡልቡላ ሰው በሙሉ ነግረዋል። ስለዚህ ቀኝ እጄን ላጣ ተቀምጬ፣ የማስበው ሁለት ወንዶችን እንዳላሳፍር ነው። ይሉኝታ የሚባለው በሽታ በየትኛው ማሽን እንደሚታይ እንጃ፤ ከአምስቱ ዕጢዎች ጋር ቢቆጠር ስድስተኛው እሱ ነው።

እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ አየሁት። ሹሩባ በዓይን አይሠራም፣ በጣት ጫፍ ነው። መስመሩ የት እንደሚገባ፣ ራስ ቅሉ የት እንደሚቆስል የሚነግረኝ ጣቴ ነው። ከዚያ ምን ትዝ እንዳለኝ አላውቅም፣ ለበዓል የሚያመጡልኝ ትንንሽ ልጆች መጡብኝ። ፀጉሩን ጥብቅ አድርጌ ስይዘው አንገታቸው ይኮማተራል። «ያማል እንዴ?» እላቸዋለሁ። እናት አጠገብ ቆማለች። እንባ የሞላው ዓይን ወደ እናቱ አየት ያደርግና «አያምም» ይላል። «ጎበዝ!» እላለሁ። ደግሞ አያምም ተብሏልና ቀጣዩን ጠበቅ አደርገዋለሁ። አሥራ ስምንት ዓመት እንዲህ ሠርቻለሁ። ሕመም የሚደብቅ ሰው ምን እንደሚመስል ከዚህች ሐኪም ይልቅ የማውቀው እኔ ነኝ።

«ዶክተር» አልኩ፣ «ዋሽቻለሁ።»

«ማን? ማንን?» አሉ ጋሼ።

«ያማል። ስፒሉም፣ ኤሌክትሪኩም፣ መርፌውም። አሁን ወንበሩ ሲነካኝም ያማል። ሦስቱም ጣቶች ይሰማሉ።»

ሐኪሟ መነጽሯን አወለቀች። «ታዲያ ለምን አያመኝም አልሽ?»

«ዶክተሩን ላስቸግረው አልፈለግኩም…»

ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እሷ እንግዲህ… ጠንካራ ናት» አሉ፤ ድምፃቸው ግን እንደወትሮው አልወጣም።

«አባቴ፣ ጠንካራ መሆኗን አይቻለሁ» አለች ሐኪሟ። «እኔ የጠፋኝ የት የት እንደሚያማት ነው።» አዲስ ወረቀት ስባ መጻፍ ጀመረች። እንዲህ ነው፣ እውነቱን አንድ ጊዜ ብናገር አንድ ጊዜ የምወጋውን፣ ዋሽቼ ሁለተኛ ዙር ተጻፈልኝ።

ለሁለተኛው ዙር ዶክተሩ ስፒሉን አንስቶ ገና «ያምሻል?» ከማለቱ «ያማል!» አልኩት። ኤሌክትሪኩን ሲለቀው ከዘጠኝ ዓመቴ ጀምሮ የያዝኩትን ለቀቅኩት። እናቴን ጠራሁ፣ ማርያምን ጠራሁ፣ ዶክተሩንም በአባቱ ስም ጠራሁት፤ የአባቱን ስም ደረቱ ላይ አንብቤ ነው።

«አንተ ሰው፣ እህት የለህም?»

«አይዞሽ፣ አለችኝ፣» ይላል እየጻፈ።

«ሚስትስ?»

«አላገባሁም።»

«በዚህ ዓይነት አታገባም!»

ግን እየሳቀ ጻፈ። ባለፈው ጊዜ በሁለት መስመር ያለቀው ወረቀት ሞላ። ስወጣ፣ ስገባ ሰው ሞልቶበት የነበረው የመቀበያ ክፍል ግማሹ ባዶ ነው፤ አንድ ሰውዬ ድንገት ሌላ ቀጠሮ ትዝ ብሏቸው ሄዱ አሉ። የጋሼም ወንበር ባዶ ነበር። ግቢው በር ላይ፣ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዙረው ቆመው አገኘኋቸው።

ጭማቂ ቤት አልሄድንም። ቤታቸው በተቃራኒው አቅጣጫ ነው፤ እሳቸው ግን ከኔ ጋር ወደ አባዶ ተሳፈሩ። መገናኛ ሁለተኛውን ታክሲ ስንይዝ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ።

«ያ የስፖንዳው ጊዜ…» አሉ።

«አዎ ጋሼ፣ አዋሽ።»

«ጮኼ ነበር።»

ዞር ብዬ አየኋቸው።

«ስፖንዳውን የከፈተልኝ ትራፊኩ ነው። እኔ ምን አቅም ነበረኝ? አቅፎኝ ‹ጩህ ወንድሜ፣ ጩህ› ይለኝ ነበር።»

«ታዲያ ጋሼ፣ ለምን…»

«አንቺ እኮ ታለቅሺ ነበር» አሉ። «እናትሽ ከሞተች በኋላ አላባራ አልሽ። ሴት ልጅ አሳድጌ አላውቅ፣ ምን እንደሚባል አላውቅ። አንድ ቀን ያን ነገርኩሽ፣ ዝም አልሽ። ከዚያ ወዲያ እሱን ብቻ ስነግርሽ ኖርኩ።»

ታክሲው ውስጥ ሰው ጥቅጥቅ ብሎ ነበር። ትከሻቸው የታመመውን ክንዴን ተደገፈና «ጋሼ፣ ያማል» አልኳቸው። ለእሳቸው እንዲህ ስል ከሠላሳ ዓመት ግድም በኋላ የመጀመሪያዬ ነው። ደንግጠው ሸሸት አሉና ከጎናቸው ያለችው ሴትዮ ላይ ወጡባት። «ኧረ አባት፣ ተጠጋጉ ቢባል እንዲህ ነው እንዴ?» አለቻቸው።

ቀዶ ሕክምናው ከጠዋት እስከ ከሰዓት በኋላ ወሰደ። ዕጢዋ ተልጣ ወጣች፣ ነርቩ ተረፈ። አውራ ጣቴና ጠቋሚዬ ቀስ በቀስ ተመለሱ፤ መሃለኛው ግን እስከዛሬ እንደ ሰነፍ ተማሪ አርፍዶ ነው የሚመጣው። አራቱ አብረውኝ አሉ። በየዓመቱ ምድጃው ውስጥ ገብቼ እወጣለሁ፤ አንዳንድ ቀን ጉልበቴ ሥር ያለችው ደረጃ ላይ ታቆመኛለች። ድሮ በሰባት ሰዓት የምጨርሰውን ድርብ ሹሩባ አሁን በሁለት ቀን ነው የምጨርሰው፤ ወሬዬም በዚያው ረዝሟል።

ስፌቱ በተፈታልኝ ሳምንት፣ ቅዳሜ ጠዋት ጋሼ ከቡልቡላ መጡ። ሰናይት የድሮ ሹሩባዋን ልታስፈታ ተቀምጣ ነበር፤ መፍታት ጉልበት አይጠይቅም ግን ጣት ይጨርሳል። እጃቸውን ታጠቡ፣ በርጩማ ሳቡ፣ መነጽራቸውን አደረጉ፣ ጭራ ያለውን ማበጠሪያ ተቀበሉኝና የጭነት ገመድ ሲፈቱ በኖሩበት እጅ ከጫፉ ጀምረው መፍታት ያዙ።

«ካመመሽ ተናገሪ» አሏት።

ከዚያ ወዲህ በየቅዳሜው ይመጣሉ። ባለፈው ሳምንት አንዲት የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች። ጋሼ ሦስተኛውን ጉንጉን ሲፈቱ «ያማል» አለች። እጃቸውን ከፀጉሯ ላይ አነሱና ጠበቁ።